የሐምራዊ ሱሪዎች ክረምት

ሰኞ፣ ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት

ጋሼ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ጋሼ የላውንደሪያችን ባለቤት ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው የግብር ቢሮ ብቻ ነው። መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፕሮግራምህ ሊሞት ነው አሉ» አሉኝ።

ፕሮግራሜ አይሞትም። ሊሞት ነው የተባለው እኔ ፕሮግራሙን የሠራሁበት ፕላትፎርም ነው። አምራቹ ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ አላሻሽለውም፣ ቢበላሽም አትጥሩኝ ብሏል። ይበል። ልብስ ይመዘገባል፣ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ደረሰኝ ይወጣል፣ ባለቤቱ ይወስዳል። የሚሠራን ነገር ምን አግብቷቸው ነው የሚነካኩት?

«ወደ አዲሱ እንቀይር ወይስ ባለበት ይቆይ? ክረምቱ ሳይወጣ ቁርጡን ንገረኝ፤ አንተ ያልከውን ነው የማደርገው» አሉ።

«አጥንቼ ልንገርዎት» አልኩ። «አጥንቼ» በእኛ ሙያ የተባረከ ቃል ነው፤ ብዙ ያሰነብታል።

ሐሳቤን በሥርዓት ለመያዝ ይህን ደብተር ገዛሁ። እዚህ ውስጥ ስለ ፕሮግራሙ ብቻ ነው የሚጻፈው።

ማክሰኞ

ባለበት ይቆይ የሚያሰኘው፦ ይሠራል። ሠራተኛው ለምዶታል። እኔም ለምጄዋለሁ።

ይቀየር የሚያሰኘው፦ እስካሁን አልተገኘም።

የታወቀ ጉድለት፦ አንድ። ደረሰኝ እየታተመ ሳለ «አትም» የሚለውን ሰው እንደገና ከተጫነ ፕሮግራሙ ስታክ ያደርጋል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ ይደወልልኛል፤ ከቢሮዬ ሁለት መንገድ ተሻግሬ ልብስ መቀበያው አዳራሽ እሄድና አስነሳዋለሁ። ማረሙ አይከብድም። ጊዜ አጥቼ ነው።

ዛሬም ሦስተኛው የመቀበያ መስኮት ላይ ቆመ። ሄድኩ። እዚያ የምትሠራውን ተቀባይ ስም ደብተር ውስጥ ማስገባት ተገቢ ስላልሆነ ሦስተኛዋ እላታለሁ። «ይቅርታ ኢንጂነር፣ በዝናብ አስመጣሁዎት» ብላ ወንበሩን በሻርፗ ጠረገችልኝ። እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ትሰካና ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ ትፈልገዋለች። ይህ ከፕሮግራሙ ጋር አይገናኝም።

ሐሙስ

ስብሰባ። ሙሽራው ከሥልጠና ተመለሰ። ሙሽራው የጋሼ ልጅ ባል ነው፤ ሁለት ልጅ ወልዶም ስሙ አልለቀቀውም። እንደኔው ፕሮግራም ሠሪ ነው። የአዲሱ ፕላትፎርም ምልክት ያለበት ኮፍያ አድርጎ መጣ፤ ስብሰባው ላይም አላወለቀውም።

«ከእንግዲህ መረጃው ሁሉ ደመና ላይ ነው የሚቀመጠው» አለ።

«በዚህ ዝናብ?» አሉ ጋሼ።

የካውያ ክፍል ኃላፊዋ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ፣ «ላም አለኝ በሰማይ» አለች። ሙሽራው ደመና ማለት ሩቅ ቦታ ያለ የሰው ኮምፒውተር ማለት እንደሆነ አስረዳ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ የባሰ ደነገጡ።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አሉ።

«አባባ፣ ሰይጣኑ እኮ ጡረታ ሊወጣ ነው» አለ ሙሽራው።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በኋላ ሽንት ቤት ገብቼ ሳቅኩ።

ቅዳሜ

ሦስተኛው መስኮት እንደገና ቆመ። አንደኛውና ሁለተኛው ቆመው አያውቁም። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ኪቦርዱ ነው። አዲስ ኪቦርድ ይዤ ሄድኩ።

ሙሽራውም ሊያይ ተከተለኝ። «ይገርማል፣ ሌሎቹ መስኮቶች ላይ ለምን አይቆምም?» አለ።

«ኪቦርድ ነው።»

እኔን አየኝ። ሦስተኛዋን አየ። እሷ ደረሰኝ መቁጠር ጀመረች። ሙሽራው፣ «አዎ፣ ኪቦርድ ይሆናል» ብሎ ኮፍያውን አስተካክሎ ወጣ። ሥልጠናው ብዙም አልጠቀመውም መሰለኝ፤ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ለመረዳት ያን ያህል ጊዜ ወሰደበት።

እሑድ

ሥራ የለም። ልጻፍ።

እህቴ ምሳ እያቀረበች፣ «ትናንት ሸሚዝህን ማን ተኮሰልህ?» አለችኝ።

«እኔው።»

«አንተ? ለዚያ ፕሮግራም?»

«ለሥራ ነዋ እትዬ።»

«እኔ የምልህ፣ ያ ፕሮግራም ሸሚዝ ያያል እንዴ?»

እንጀራዬን ጎረስኩ። እህቴ ታላቄ ናት፤ እናታችን ካረፈች ጀምሮ አብረን ነው የምንኖረው። ነገር ከጀመረች አትለቅም። ጸጉሬ ገብስማ ሆኗል፣ እሷ ግን አሁንም አፍንጫዬን የምትጠርግልኝ ይመስላታል።

ከምሳ በኋላ ሙሽራው የሰጠኝን አዲሱን ፕላትፎርም ሞከርኩ። እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ ፈጣን ነው። የምዝገባውን ክፍል ገልብጬ ደረሰኝ አሳተምኩ። እየታተመ ሳለ «አትም»ን ደጋግሜ ተጫንኩ። አንድ ደረሰኝ አወጣ፣ ሥራውን ቀጠለ። አልቆመም። በጡጫ መታሁት። አልቆመም። ይህ ከባድ ድክመት ነው።

ድክመት ያልኩት ጥቅም ለማለት ነው። ደክሞኛል።

ማክሰኞ

ችኮላ ላይ ነኝ። ሦስተኛው ቆመ። ሄድኩ። ሌላ ኪቦርድ። ብስኩት ነበራት፣ ግማሹን ሰጠችኝ። የጋሼ መልስ፦ እያጠናሁ ነው።

ዓርብ

የሚገርም ነገር። ምናልባት ወደ አዲሱ የምንሄድ ከሆነ ብዬ የቆየውን መረጃ ሳገላብጥ፣ የከተማችን ሰው ሐምራዊ ልብስ እንደሚወድ አገኘሁ። ሐምራዊ ሱሪ፣ ሐምራዊ ካፖርት፣ ሐምራዊ መጋረጃ። መንገድ ላይ ግን አንድም ሐምራዊ ሱሪ አይቼ አላውቅም። ለማጣራት መቀበያው ሄድኩ። (ፕሮግራሙ አልቆመም ነበር። ለማጣራት ነው።)

«ሐምራዊ ማለት ተጨቃጫቂ ማለት ነው» አለችኝ ሦስተኛዋ።

«እንዴት?»

«ፕሮግራሙ ስለ ሰውዬው የምንጽፍበት ቦታ የለውማ። ቀለም ግን ይጠይቃል። ስለዚህ ነገረኛ ደንበኛ ሲመጣ ቀለሙን ሐምራዊ እንላለን። እጥበት ክፍል ያውቃል፣ ካውያ ክፍል ያውቃል፤ ሐምራዊ ከሆነ የልብሱን ቁልፍ ሁለቴ ይቆጥራሉ።»

«የእውነት ሐምራዊ ልብስ ቢመጣስ?»

«ቀይ እንለዋለን።»

ሁለተኛው መስኮት ላይ ያለው ተቀባይ ራሱን ነቀነቀ፤ አሠራሩ የታወቀ ነው። ቀለም መሙያውን ስሠራ ይህ ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ተናደድኩ፤ ከዚያ ሳቋን አየሁና ተውኩት።

ለሙሽራው መንገር አለብኝ። እሱም በዚሁ መረጃ ቅጂ እየሞከረ ነው። ሰኞ እነግረዋለሁ።

ሰኞ

ረሳሁ። እውነቱን ለመናገር አልረሳሁም። ኮፍያውን አድርጎ ሲመጣ ሳየው ራሱ ይድረስበት አልኩ።

ረቡዕ

ጉድ ነው የሆነው።

አዲሱ ፕሮግራም ልብስ ሲደርስ ለደንበኛው በስልክ መልእክት ይልካል። ሙሽራው ዛሬ ጠዋት ይህን ሊሞክር ፈለገ። ሁሉንም ከምልክ ትንሽ ይበቃኛል ብሎ ተጠነቀቀ፤ አንድ ቀለም ብቻ መረጠ፣ ብዙ ሰው የማይለብሰውን። ሐምራዊን። መረጃው የሙከራ ቅጂ ነበር፣ የስልክ ቁጥሮቹ ግን የእውነተኛ ሰዎች ናቸው።

«የእርስዎ ሐምራዊ ሱሪ ተዘጋጅቷል፤ ዛሬውኑ ይውሰዱ።»

በከተማው ያለ ነገረኛ ሁሉ፣ ለዓመታት አንድ በአንድ ለይተን ያስቀመጥነው፣ በአንድ ጠዋት አዳራሹን ሞላው። ስደርስ ሰልፉ ከበር ውጭ ወጥቷል። አንድ የጥርስ ሐኪም፣ «እኔ ሐምራዊ ሱሪ የምለብስ ሰው እመስላለሁ?» እያሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ስልካቸውን ያሳያሉ። አንዲት ባለ ሱቅ ሱሪው የባሏ ከሆነ ለማን ብሎ እንደገዛው ልታውቅ መጥታለች። አንድ ጡረተኛ ዳኛ ደግሞ ጭራሽ ሐምራዊ ሱሪ እንዳላቸው አመኑ። «በጽሑፍ ደርሶኛል። ሱሪዬን ሳልይዝ ከዚህ አልወጣም» ብለው ተቀመጡ። ነገረኞቹ እርስ በርሳቸውም ተጣሉ፤ ሰልፉን ማን እንደቀደመ ሳይስማሙ ቀሩ።

እስከዚህ ድረስ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አዲሱ ይኸው ተዋረደ እያልኩ ነበር በልቤ።

ከዚያ የኔው ፕሮግራም ቆመ። ሰልፉን ለመቀነስ ተቀባዮቹ ተጣድፈው «አትም» ሲሉ ሦስቱም መስኮት በአንዴ ቀጥ አለ። ሦስተኛዋ ጀርባ ቆሜ ላስነሳው እሞክራለሁ፣ ይነሳል፣ መልሶ ይቆማል። የጥርስ ሐኪሙ መስኮቱን እየደበደቡ፣ «ማሽን መንካት የማትችይ ሴት ማን ነው እዚህ ያስቀመጠሽ?» አሏት። እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ፈለገች፣ አጣችው፤ ጸጉሯ ውስጥ ነበር። አልቅሳ ይሆናል፣ ፊቷን አላሳየችንም።

ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። እሷ በአግባቡ ነው የነካችው፣ ደካማው ማሽኑ ነው፣ ማሽኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እዚህ ቆሜያለሁ ማለት ነበረብኝ። አጎንብሼ ገመድ የማይ መሰልኩ። የሚታይ ገመድ አልነበረም።

ዳኛው ማምሻውን ሱሪያቸውን ሳይዙ ሄዱ። ይግባኝ እላለሁ ብለዋል።

ሐሙስ

ጠዋት ጋሼ ጋር ገባሁ። «እንቀይር» አልኩ።

«ትናንት ያ ሁሉ ውርደት ከደረሰ በኋላ?»

«ትናንት የቆመው የኔው ነው ጋሼ። ሰው ያሰደበውም የኔው ነው።»

«አጥንቼ ስትል ለካ የምርህን ነበር» አሉና እጄን ጨበጡኝ። ስህተታቸውን አላረምኩም።

ቀጥዬ ሙሽራው ጋር። የሐምራዊውን ነገር ዓርብ እንዳወቅኩ፣ ሆን ብዬም እንዳልነገርኩት ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ኮፍያውን አወለቀ። ለካ መላጣ ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው» አለ። «እኔ እኮ ሐምራዊ ማን ይለብሳል ብዬ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። እሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጥሩ ሰው ነው፤ ይህን ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

እሑድ

ልጻፈው፣ ደብተሩ የኔ ነው።

ወደ አዲሱ ስንሄድ ፕሮግራሙ አይቆምም። ካልቆመ አይደወልልኝም። ካልተደወለልኝ ሁለቱን መንገድ የምሻገርበት ምክንያት የለኝም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስመዝን የከረምኩት ፕላትፎርም አይደለም።

እህቴ፣ «ፊትህ ምን ሆኗል?» አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። ዛሬስ አልቀለደችብኝም፤ ያም ይበልጥ ከበደኝ።

ረቡዕ

ሥራ። ሙሽራው መልእክቱን፣ እኔ ምዝገባውን። ምሳ የለም።

መቀበያው ሄጄ አዲሱ ላይ ምን እንዲኖር እንደሚፈልጉ ጠየቅኩ። አንደኛው መስኮት ትልቅ ፊደል አለ። ሁለተኛው መስኮት እሱም ትልቅ ፊደል አለ። ሦስተኛዋ፣ «ተጨቃጫቂው የራሱ ቦታ ይኑረው፤ ቀለም ቀለም ይሁን» አለች። ስሙን ምን እንበለው ተባባልን። «ልዩ እንክብካቤ» አልነው። ደንበኛው ቢያየው እንኳ ደስ ይለዋል።

«አዲሱ አይቆምም አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ ስወጣ።

«እውነት ነው። ቢደበድቡትም አይቆምም።»

«ጥሩ ነዋ» አለች። ጥሩ ነዋ ያለችበት ድምፅ ግን የጥሩ አልመሰለኝም። ስለ ትናንሽ ፊደሎቹ ተጨንቃ ይሆናል።

ሰኞ

ተቀየረ። በሰላም። ጋሼ አዳራሹ ድረስ መጥተው ማሽኑን እንደ በግ ዳበሱት። ሙሽራው ለእኔም ኮፍያ አመጣልኝ። አደረግኩት፤ ጠበበኝ።

ማክሰኞ

ማንም አልደወለም።

ሐሙስ

ማንም አልደወለም። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በእህቴ ስልክ ደወልኩበት። ይሠራል።

ዓርብ

ለክትትል መቀበያው ደወልኩ። ሁለተኛው መስኮት አነሳ።

«ችግር አለ?»

«ምንም የለም ኢንጂነር፣ እግዜር ይስጥልን።»

«ሦስተኛው መስኮትስ?»

«እሱም ደህና ነው። እሷ ከጠዋት ጀምራ 'አትም'ን ስትወቅጠው ነበር፤ እምቢ አላት፣ አልቆመም።»

አዲስ ነገር በዚህ መጠን የሚፈትሽ ሠራተኛ ማግኘት መታደል ነው። ለጋሼ እነግራቸዋለሁ።

ከሰዓት ፕሪንተር ላይ ወረቀት ልጨምር ካውያ ክፍል ስገባ ኃላፊዋ ለአንዷ፣ «ከእንግዲህ ምን ሰበብ ሊያገኙ ነው?» ስትል ሰማሁ። «ማናቸው?» አለች ያቺ። «ሁለቱም ናቸዋ» አለች። እኔን ሲያዩ ወደ ካውያቸው ተመለሱ። ስለ ሁለቱ ፕሪንተሮች ይመስለኛል፤ በእርግጥም ሁሌ በሰበብ ነው የሚቆሙት።

እሑድ

ዝናቡ ቀነሰ። እህቴ ሳህን እያጠበች፣ «አንተ፣ በቃ እዚያ አትሄድም ማለት ነው?» አለች።

«ምን ልሠራ? አይቆምም።»

«የት ነው የምትሠራው?»

«እትዬ፣ የት እንደምሠራ ታውቂያለሽ።»

«ንገረኛ።»

«ላውንደሪ።»

«ሰው ላውንደሪ ምን ይዞ ይሄዳል?»

የማደርቀውን ሳህን ይዤ ቀረሁ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ቤት ስሠራ ልብሴን የማጥበው እቤት ነው። አንድም ቀን ደንበኛ ሆኜ አላውቅም። «ፕሮግራም እሠራለሁ ይላል ደግሞ» አለች እህቴ፣ ለሳህኑ።

ማክሰኞ

ግራጫ ኮቴን ይዤ ሄድኩ። በሰልፉ ቆምኩ፤ ሁለተኛው መስኮት ክፍት ሆኖ ቢጠራኝም ያልሰማሁ መሰልኩ። ተራዬ ደረሰ።

«ስም?» አለችኝ ሦስተኛዋ።

«ታውቂዋለሽ።»

«እኔ አውቀዋለሁ፣ ፕሮግራሙ አያውቅዎትም።»

ነገርኳት። ጻፈች። ኮቱን ዘረጋች፣ አንገቱን አየች፣ እጅጌውን አየች፣ አሸተተችው። ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ይሄ እኮ ንጹህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን እናድርገው?»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ጨርቁ ባሕርይ ይጀምራል። ሁሉም ጠፋኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኮቱን ተይው» አልኩ። «አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት። ፕሮግራሙ ሲቆም ነበር የማይሽ፣ አሁን አይቆምም። ናፈቅሽኝ። ያን ቀንም ስትሰደቢ ዝም ማለቴ ቆጭቶኛል። ከሥራ በኋላ ሻይ ልጋብዝሽ።»

ሁለተኛው መስኮት ሥራ አቆመ። አንደኛውም አቆመ። እሷ ስክሪኑን እያየች ቀረች፣ አትናገር፣ አትጽፍ። እጄ ሳላስበው ወደ ኪቦርዱ ሄደ።

«ቆመ እንዴ?» አልኩ።

«አልቆመም። የመውሰጃ ቀን ሙይ እያለኝ ነው። ካልሞላሽ አላሳልፍም አለ።»

«እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግኩት።»

«እኮ። መቼ ልበለው?»

«ለአንቺ መቼ ይመችሻል?»

ጻፈች። ደረሰኙ ወጣ። ቀኑ የዛሬ ነው። እሷም እርሳሷን ከጸጉሯ መዝዛ ከሥሩ አሰመረችበት፤ ፈገግታዋን ለመደበቅም አልሞከረች።

«ለዕለቱ ከሆነ ተጨማሪ ያስከፍላል» አለች።

«ያስከፍል።»

«እንግዲያው እንዳትዘገይ» አለችኝ።